የነጩ ዱቄት ዘመቻ

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ናዝሬት ውስጥ በቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ነው። አንድ የፈረስ ጋሪ በሩን ዘግቶ ቆሞ ነበር። ጋሪው ላይ እንደ ወንጂ ሸንኮራ በገመድ የታሰሩ ረጃጅም ነጫጭ አምፖሎች ተጭነዋል።

ስንት ዘመን ሳላነሣው ኖሬ ያስታወሰኝ ያለፈው ሳምንት ነው። የእህቴን ልጅ ልጠይቅ የዱሮዋ ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ ወርጄ በዋናው መንገድ ስሄድ፣ አንድ ባለብዙ ፎቅ የንግድ ሕንፃ መብራቱን ሲያስቀይር ደረስኩ። ጓንት ያጠለቁ ወጣቶች አሮጌዎቹን ፍሎረሰንት አምፖሎች ካርቶን ውስጥ እየከተቱ አይሱዙ ላይ ይጭናሉ። ቆሜ ሳይ አንዱ ጠጋ አለና፣

«እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ። ይሄ ነገር ከተሰበረ መርዝ አለው» አለኝ።

«የምን መርዝ?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«ሜርኩሪ ይባላል። በዓይን አይታይም፤ ግን አደገኛ ነው። ሳይሰበር ይሄድና እንደገና ጥቅም ላይ ይውላል። ሥልጠና ወስደናል እኮ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገረው።

«ተባረክ» ብዬው አለፍኩ። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የአይናፋር ሰው ነገር፣ ቃሉ ከንፈር ላይ ይደርስና ይመለሳል። ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ያኔ በኬሚስትሪ ተመርቄ፣ በምደባ አንድ የዘይት ፋብሪካ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ የዘይት ጥራት መመርመር ነበር። ለእኔ ዓይነቷ የተፈጠረ ሥራ ነው፤ ጠርሙስ አይጠይቅም፣ መልስም አይጠብቅም። ማታ ስወጣ ልብሴ ኑግ ኑግ፣ ፋጉሎ ፋጉሎ ይሸታል። በዋናው መንገድ ብሄድ ቤቴ ቅርብ ነበር። ነገር ግን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ሻይ ቤት ነበረች፤ በረንዳዋ ላይ ወጣቶች ተደርድረው ይቀመጡና ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ ይወረውራሉ። እኔ ሰላምታ መመለስ ጭንቄ ነበር። ስለዚህ በባቡር ሐዲዱ ጥግ፣ በጓሮ በኩል፣ በጋ አቧራውን ክረምት ጭቃውን እየረገጥኩ እዞራለሁ። የከተማው ንፋስ እዚያ ሜዳ ላይ ሲነሣ አሸዋ ጥርስ ሥር ይገባል። ይሁን፤ ከሰው ዓይን አሸዋ ይሻለኝ ነበር።

የተከራየኋት ክፍል የእማማ ጫልቱ ግቢ ውስጥ ናት። እማማ ጫልቱ የመዋዕለ ሕፃናቱ ጽዳትና ሞግዚት ነበሩ፤ የቀበሌውን አዳራሽ ቁልፍም የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። ጎረቤቱ የሚያውቃቸው የነጋዴ ሚስት ተብለው ነው። አማርኛና ኦሮምኛን እንደ ሽሮና በርበሬ ደባልቀው ይናገራሉ፤ ሲቆጡ በአንዱ፣ ሲያባብሉ በሌላው። እኔን «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው። ከግቢያቸው ፓፓያ በበሰለ ቁጥር ግማሹ የእኔ ነበር።

የአብዮት በዓል በደረሰ ጊዜ ሁለት ትእዛዝ ወጣ። አንደኛው፣ በዋናው መንገድ ያሉ ሆቴሎች፣ ሱቆችና መሥሪያ ቤቶች ከተማዋ እንድትደምቅ አሮጌ አምፖላቸውን ሁሉ በአዲስ ይቀይሩ። ሁለተኛው፣ ነዋሪው አጥሩን ኖራ ይቀባ። የመጀመሪያው ተፈጸመ፤ ሁለተኛው ግን ችግር ገጠመው። ሁሉም ቀበሌ በአንድ ጊዜ ኖራ ሲፈልግ ኖራ ከገበያ ጠፋ፤ ሞጆም ቢሾፍቱም ተፈልጎ አልተገኘም።

ያን ቅዳሜ ጋሪው አጠገብ ቆሞ አምፖሎቹን የሚያስወርደው የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ሙሉጌታ ነበር። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ አንደበቱ ግን የአሥር ሰው ነው። ያን ጊዜ በዚያ በር ያለፍኩት እማማ ጫልቱ የረሱትን ነጠላ ላደርስላቸው ብዬ ነው።

«ጓድ አስካለ!» አለኝ። «ነይ እዪ፣ ኖራችን ተገኘ።»

አንዱን አምፖል ወደ ፀሐይ አነሣው። ከመስተዋቱ ውስጥ የተለጠፈው ዱቄት ደማቅ ነጭ ነው።

«ነገ ከስብሰባው በኋላ እናቶች ሸራ ላይ ሰብረው በወንፊት ይነፉታል። ካለችን ኖራ ጋር ይደባለቅና የመዋዕለ ሕፃናቱ ግድግዳ ይቀባል። መፈክሩ ደግሞ በንጹሑ ዱቄት ይጻፋል። ከሶደሬ መንገድ ድረስ ነው የሚታየው!»

ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ልጅ ቴርሞሜትር ሰብሮ፣ መምህራችን ሁላችንንም ከክፍል አስወጥቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ድኝ እየነሰነሰ ከውስጡ የወጣችውን ትንሽ የሜርኩሪ ጠብታ እንዴት እንደለቀማት ትዝ አለኝ። የእነዚህ አምፖሎች ብርሃን የሚነሣው ከዚያው ነገር ነው። ሲሰበሩ ይተናል፤ ዱቄቱም ይዞት ይቀራል። ቀና ብዬ ግቢውን አየሁ። ሕፃናቱ ቀትር ላይ የሚተኙበት ሰሌን አጥሩ ላይ ተሰጥቷል።

«ጓድ ሙሉጌታ… ይሄ… ባይሰበር…» አልኩ።

«ምን?»

«ባይሰበር ጥሩ ነው። ጎጂ…»

«ጮክ በይ እንጂ! ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ሰጥቶሽ ድምፁን አስቀረብሽ እንዴ?»

ጋሪ ነጂው ሳቀ። ፈረሱም አሽካካ፤ እሱም የሳቀ መሰለኝ። ነጠላውን አስቀምጬ፣ ፊቴ እንደ መቂ ቲማቲም ቀልቶ፣ በጓሮዬ መንገድ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እማማ ጫልቱ የዝዋይ ዓሣ ጠብሰው ጠሩኝ። አልበላሽ አለኝ።

«ምን ሆንሽ? ማን ነካብኝ?»

ነገርኳቸው። ሜርኩሪ ስል አልገባቸውም። «ባዜቃ ማለት ነው፤ ባዜቃ የሚባለው እንደ ብር የሚንከባለለው» ስል እጃቸው ዓሣው ላይ ቆመ። ከዚያ የተናገሩት ስለ ባዜቃ አልነበረም።

«ልጆቹ ግድግዳ ይልሳሉ» አሉ። «ታውቂያለሽ? አፈር አፈር ይላቸዋል። ኖራ የተቀባ ዕለት ደግሞ ይብሳሉ። ስንቴ ምላሳቸውን በጨርቅ ጠርጌያለሁ! አንዷን ስጠርግ ሌላው ጥግ ይዞ ይልሳል።»

በዚህ ጊዜ ነገሩ ከፊቴ ቆመ። ነገ ከሰዓት በኋላ ያ ዱቄት ግድግዳው ላይ ይሆናል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ምላስ ላይ። ይህን በቀበሌው ውስጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ለማስቆም ደግሞ ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ዘመቻ በተባለ ነገር ላይ «አይሆንም» ማለት ያስፈልጋል። ያን ዘመን የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደነበር ያውቀዋል። ዘመቻን የተቃወመ ሰው ስሙ ምን ተብሎ እንደሚለወጥ አይታወቅም። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከስያሜው ይልቅ የፈራሁት ሁለት መቶ ዓይን ነበር።

«ብናገርስ ማን ይሰማኛል?» አልኩ። «በበዓል ዋዜማ ኖራችሁን ጣሉ ብል፣ በምትኩ ምን ልሰጣቸው ነው?»

«እንግዲያ አስቢያ! የተማርሽው ለመቼ ነው?» አሉና ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። «መጀመሪያ ግን ብዪ።»

ዓሣውን እየበላሁ ሳስብ አንድ ነገር ኮረኮረኝ። በዚያ ዘመን የሚሠራ ዕቃ የሚጥል ሰው አልነበረም። የዘይት ቆርቆሮ ኩባያ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል። ስለዚህ ሁላችንም የተጣለ አምፖል ስናይ የተቃጠለ ነው ብለን አሰብን። ማንም አልሞከረውም፤ ማን የሚሠራ አምፖል ይጥላል? ነገር ግን እነዚህ የተጣሉት ስለተቃጠሉ አልነበረም። ቀይሩ ስለተባለ ነው!

«እማማ፣ የአዳራሹ ቁልፍ የት ነው?»

አዳራሹ ቀድሞ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ነበር። ከጣሪያው የፍሎረሰንት መያዣዎች ተሰቅለዋል፤ አምፖል ካጡ ግን ዘመን አልፏቸዋል። የማታ መሠረተ ትምህርት የሚሰጠው በፋኖስ ነው። እማማ ጫልቱም ከተማሪዎቹ አንዷ ነበሩ፤ ማታ ሲመለሱ አፍንጫቸው ጥላሸት ለብሶ፣ «ዛሬ ‹ቀ›ን ከ‹በ› የለየሁት በእግዜር ነው» ይላሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጥቂት አምፖሎች በነጠላ ጠቅልለን፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈን አዳራሽ ገባን። እሳቸው ጠረጴዛውን ይዘው እኔ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ገጥሜ ወረድኩና ማብሪያውን ተጫንኩ። ምንም። ሁለተኛውም ጫፉ ትንሽ ቀላና ጨለመ። እማማ ጫልቱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ሦስተኛው ብልጭ አለ፣ ድርግም አለ፣ ብልጭ አለ፤ ከዚያ እንደ ንብ እም እያለ በራ።

እማማ ጫልቱ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ዋቅዮ!» አሉ። ቀጥሎ ያዩት ግን አምፖሉን አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ገበታ ነው። ሄደው በጣታቸው ነኩት። «እንዲህ ነው እንዴ የሚመስለው?» አሉ።

እየተመላለስን ሌሎችም አምጥተን፣ የሚሠሩትን እየመረጥን መያዣዎቹን ሁሉ ሞላን፤ አጥፍተን፣ ቆልፈን ወጣን። ዕቅዴን አወጣሁ፦ ነገ ጥቂት ቃል እናገራለሁ፤ የቀረውን መብራቱ ይናገርልኛል።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ሊቀመንበሩ ጓድ ታደሰ ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ሲናገሩ እጃቸው ሳያውቁት ጨርቅ እንደሚለካ የሚዘረጋ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ግን እንቅልፍ ይነሣቸዋል። ሙሉጌታ የነጩን ዱቄት ነገር አስረዳ፤ ተጨበጨበ። ወንፊት ያላቸው እናቶች ተጠየቁ፤ እጅ ወጣ።

«ተጨማሪ ሐሳብ ያለው?» አሉ ጓድ ታደሰ፣ ወረቀታቸውን እያጠፉ። ይህ ጥያቄ የሚጠየቀው እንዲያልፍ ብቻ ነበር።

እጄን አነሣሁ። አግዳሚውን ተደግፌ ቆምኩ። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር እንደ ባቡር ጥሎኝ ሄደ።

«አምፖሎቹ…» አልኩ። «ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ።»

«ማን?» አለ ሙሉጌታ ከመድረኩ። «ሜርኩሪ ማነው? ፈረንጅ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ውጣ በሉት!» አለ፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ።

«ባዜቃ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። «ባዜቃ ነው። ሲሰበር እንተነፍሰዋለን። ዱቄቱ ላይም ይቀራል። ልጆቹ ደግሞ ግድግዳ ይልሳሉ።»

ሳቁ ቀነሰ፤ አላቆመም። ሙሉጌታ፣ «ጓድ አስካለ የመጽሐፍ ነገር ነው የምታወራው። ባዜቃ ሰው ሲገድል ያየ አለ?» አለ።

«እኔ አለሁ!»

እማማ ጫልቱ ተነሥተው ነበር።

«እዚህ የምታውቁኝ የነጋዴ ሚስት ተብዬ ነው። ባሌ ነጋዴ አልነበረም፤ አንጥረኛ ነበር። ብሩን ወርቅ ሲያለብስ ወርቁን በባዜቃ አሟሙቶ ይቀባና በእሳት ያተነዋል። ያንን ሲተነፍስ ኖረ። መጀመሪያ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ መዶሻ መያዝ አቃተው። ቀጥሎ ድዱ ደማ፣ ጥርሱ ረገፈ። በመጨረሻ እኔን ማን ነሽ አለኝ። ጠይብ ብሎ የሚጠራኝ ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይጥራኝ። በወንፊት የሚነፋ ግን በልጅ ምላስ ላይ እየነፋ ነው።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ያን ቃል ደብቀው በዚያ ጎረቤት ስንት ዘመን እንደኖሩ ሁሉም በልቡ ያሰላ ነበር መሰለኝ። ወንፊት ይዘው ከመጡት እናቶች አንዷ ወንፊቷን ቀስ ብላ ከአግዳሚው ሥር አስገባችው።

ጓድ ታደሰ ላባቸውን ጠረጉ። «መልካም፤ እንበልና እውነት ነው» አሉ። «ታዲያ በዓሉ ደረሰ፤ ኖራ የለም። ለበላይ ምን እላለሁ? ይህን ሁሉ አምፖል ሰብስበን ሜዳ ላይ ጣልነው ልበል? በይ ንገሪኝ።»

ከመቀመጫዬ ወጥቼ ወደ በሩ መሄድ ጀመርኩ።

«ይኸው፣ ሸሸች!» አለ ሙሉጌታ።

በሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ተጫንኩት።

መጀመሪያ አንዱ ጥግ ብልጭ አለ፤ ከዚያ መካከሉ፤ ከዚያ ከመድረኩ በላይ። ያ መስኮቱ ጠባብ፣ ቀን እንኳ ድንግዝግዝ ያለ መጋዘን በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። የሰዉን ሁሉ ፊት አየሁት። ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሁለት መቶ ዓይን ሲያየኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አልሰበርኩም።

«የተቃጠሉ አይደሉም» አልኩ። አሁን ድምፄ ወጣ። «ቀይሩ ስለተባለ የወረዱ ናቸው። ብዙዎቹ ይሠራሉ። ለዚህ አዳራሽ፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለቀበሌው ሱቅ ይበቃሉ። የሞቱትን ደግሞ ሳይሰበሩ በርሜል ውስጥ አሽገን እናስቀምጣለን፤ በርሜሉን ከፋብሪካችን አስፈቅጄ አመጣለሁ።»

ከፋኖስ ሥር የሚማሩት እናቶች እልልታውን አቀለጡት። ጓድ ታደሰ ቀና ብለው መብራቱን አዩ፤ እጃቸው ያንን የማይታይ ጨርቅ ለካ፤ ከዚያም ፈገግ አሉ።

«ጓዶች! እኔም ሳስበው የነበረው ይህንኑ ነው» አሉ። «ለበዓሉ መፈክራችንን በብርሃን ጽፈነዋል ብለን እናመለክታለን!»

አሁንም አዳራሹ ሳቀ፤ ይህ ግን ሌላ ሳቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ አምፖሎቹን መለየት ጀመርን፤ የሚሠራው ወደዚህ፣ የሞተው ወደ ካርቶኑ። ሙሉጌታ ሸክም ከበዛበት እጁ ላይ አንዱን ጣለውና ተሰበረ። ሰዉ ሊያነሣ ሲንጋጋ፣ «ማንም እንዳይጠጋ! ወደ ኋላ ተመለሱ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የማን ድምፅ እንደሆነ ዞሬ ልፈልግ ነበር፤ የእኔው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከገበያ ድኝ ተገዝቶ መጣ። ነሰነስኩበት፣ ስብርባሪውን በእርጥብ ወረቀት ለቀምኩ፣ ጠርሙስ ውስጥ ከድኜ አሸግሁ። ሙሉጌታ በርቀት ቆሞ አየኝ።

«ዲግሪው ድምፅም አለው ለካ» አለ።

ሊያሾፍ ብሎ ነው መሰለኝ፤ አነጋገሩ ግን ሳያስበው አክብሮት ሆኖበት ወጣ።

በዚያ ዓመት የመዋዕለ ሕፃናቱ ግድግዳ ሳይቀባ በዓሉ አለፈ፤ የሞተም የተቀጣም የለም። እማማ ጫልቱ በዚያ ብርሃን ማንበብ ቻሉ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፉት ለእኔ ነው፣ እዚያው ግቢ እየኖርኩ። አንዳንድ ጎረቤት ፊቱን ከእሳቸው ማዞሩ አልቀረም። ቡና ጠጪዎች ጥቂት ቀነሱ፤ ፓፓያ ለቃሚ ልጆች ግን እንደዱሮው በአጥሩ ይዘሉ ነበር። የታሸጉት በርሜሎች እኔ እስክዛወር ድረስ በፋብሪካው ኬሚካል መጋዘን ተቆልፈው ነበር። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሱ አላውቅም፤ አንዳንዴ ያሳስበኛል። ያኔ የሞተውን አምፖል ወስዶ እንደገና ጥቅም ላይ የሚያውል ቦታ ቢኖር ኖሮ ራሴ ተሸክሜ እወስደው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ያ ጓንት ያጠለቀ ልጅ «ሥልጠና ወስደናል» ሲለኝ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። እሱ የሚያውቀውን ነገር ለማወቅ የሰው ባል መሞት አላስፈለገውም። ለመናገርም ድምፁ አልቀጠነም። ለማያውቃት አሮጊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር ነገራት። በሕይወቴ ካገኘሁት ምስክር ወረቀት ሁሉ ይልቅ የምኮራው በዚያች እሑድ ቢሆንም፣ ስለዚያ ቀን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ አዳራሹ አይደለም፤ ማግስቱ ነው።

ሰኞ ጠዋት እንደወትሮዬ ወጣሁ። ከእማማ ጫልቱ በር ግራ ብታጠፍ ወደ ሐዲዱ ጓሮ ነው፤ ቀኝ ብታጠፍ ወደ ዋናው መንገድ። ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ሻይ ቤቷ በረንዳ ላይ እንደተለመደው ተደርድረዋል፤ ሙሉጌታም አለ።

«ጓድ አስካለ! እንዴት አደርሽ?» አለ፣ ከመንገዱ ማዶ።

«እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተስ እንዴት አደራችሁ?» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፤ በረንዳው ሁሉ እንዲሰማ።